በጋሽ ተሰማ ፈቃድ

ሃዎ ያኮረፈችኝ መስሎኝ ነበር።

ይሄ የሆነ ነገር ነው። እኔው ላይ፣ እኔው ሰፈር። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቦታው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ። ድሬን የሚያውቅ ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ሱቁ ይዘጋል፣ ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። አስፈሪ ነገር ሌሊት ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ... እኛ ጋ በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው።

ከሃዎ ጋር በሚያዋስነን ግንብ ላይ ተንጠራርቼ ተጣራሁ።

ዝም።

ደግሜ ተጣራሁ።

ዝም...

ሃዎ ጎረቤቴ ናት። ዝም ማለት የማታውቅ ሴት። ልጆቼ ጅቡቲ ከገቡ ወዲህ ቤቴ የሚሰማው የሰው ድምፅ በግንቡ ላይ የሚመጣው የሷ ብቻ ነበር። የሽንኩርት ዋጋ፣ የድመቷ ሆድ፣ የምራቷ ስንፍና... አቦ፣ አንዳንዴ ጆሮዬን ይዤ ወደ ጓዳ እሸሻለሁ። ስትዘገይ ደግሞ የምጣራው እኔው ነኝ።

ያኮረፈችበትን አውቄዋለሁ ብያለሁ። በሰፈራችን ግሩፕ አፏን ዘግቼባት ነበር።

ስልክ ላይ ያለችውን ግሩፕ ነው የምላችሁ። የከፈቷት ጋሽ ተሰማ ናቸው፣ የባቡር ጡረተኛው። ውሃ ሲጠፋ፣ ለቅሶ ሲኖር፣ የሰው ፍየል ሲጠፋ እዚያ ነው የምንነጋገረው። እኔን አድሚን አደረጉኝ። አድሚን ስላችሁ ትልቅ ሰው እንዳልመስላችሁ። መልእክት ማጥፋትና ሰው ለጊዜው እንዳይጽፍ መዝጋት፣ በቃ። ሌላው ሁሉ በሳቸው እጅ ነው። "ለሽታዬ ሥልጣን በማንኪያ ነው የሚሰጣት" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ከዚያ ሞቱ። ቀበርናቸው።

ግሩፑ እንዳለ ቀረ። ፈቃድ የሚሰጥም የሚነሳም ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አፈር ውስጥ ናቸው።

ያን ቀን ሃዎ ስለ ድመቷ የድምፅ መልእክት በላይ በላዩ ስትለቅብን፣ ለቀልድ ብዬ ሰባት ሰዓት ላይ ዘጋኋት። ለአንድ ሰዓት ብቻ። ስምንት ላይ መከፈት ነበረባት።

ቤቷ ሄድኩ። ጥላው ስር ተቀምጣለች። አየችኝና አፏን ከፈተች።

ምንም አልወጣም።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል... ጉሮሮዋ ይወጣል ይወርዳል... ድምፅ የለም።

ሳቅኩባት። "ይብቃሽ አቦ፣ ይቅርታ" አልኳት።

እንዳልሰማች ሁሉ አፌን አፌን ታየኛለች።

ስልኳን አነሳችና ጽፋ አዞረችልኝ።

"ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ድምፄ እምቢ አለኝ። ወላሂ አልቀለድኩም።"

ግሩፑን ከፈትኩ። ስሟ ስር "ለአንድ ሰዓት" አይልም።

"ለዘላለም" ይላል።

ከሱ ዝቅ ብሎ የዘጋት ሰው ስም አለ። የኔ ስም አይደለም።

ተሰማ።

ልከፍትላት ተጫንኩት። "ፈቃድ የለዎትም" አለኝ። በማንኪያ የሰጡኝንም ወስደውታል...

ሐኪም አይቷት ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ ሙቀት ይሆናል አላት። እኛም ለመድነው። እሷ ትጽፋለች፣ እኔም እጽፋለሁ። መናገር ያቃተው ሰው ፊት ብቻን ማውራት ያሳፍራል። ስልክ በግንቡ ላይ እየተቀባበልን እንውላለን።

ለጋሽ ተሰማ ልጅ ለይሳቅ ጻፍኩለት። አዲስ አበባ ነው ያለው። የአባትህ ስልክ ማን ጋ ነው አልኩት። እኔ ጋ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ባትሪው አብጦ ጀርባው ተነስቷል፣ ከቀብሩ ወዲህ አልበራም አለኝ። ለሙዚየም ፈልገሽው ነው ወይ ብሎም ቀለደብኝ።

በማግስቱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የባለሱቁ የሙመድም ድምፅ ተዘጋ።

እሱ በጣቱ፣ እኔም በጣቴ፣ ስኳር ገዝቼ ወጣሁ። ምን ሆንክ የሚል የለም። ወረፋ የያዙትም ዝም ብለው ቆመዋል።

ከዚያ የሰፈሩ ልጆች...

ልጆቹ እኮ ግሩፑ ውስጥ የሉም። ስልክም የላቸውም።

መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ኳሷ ግድግዳ ስትመታ ይሰማል። እግራቸው አሸዋው ላይ ይሰማል። ጎል ገባ... ሁሉም እጃቸውን አንስተው ዘለሉ...

የአንድም ልጅ ድምፅ የለም።

ትናንት ሃዎ ስልኳን አቀበለችኝ። "ነገ ጅግጅጋ እሄዳለሁ፣ ልጄ ጋ። እንዲህ ያለ ሰፈር ምን አደርጋለሁ? ድመቷን ጠብቂልኝ።"

ሃዎ ከሄደች ግንቡ ግንብ ብቻ ነው። ገብቷችሁ ከሆነ...

ሌሊቱን አልተኛሁም። ለጋሽ ተሰማ በግል ጻፍኩላቸው። "ጋሽ ተሰማ፣ የሃዎን ይክፈቱላት።" መልእክቱ አልደረሰም። ማን ይቀበለዋል?

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ።

በግንቡ ማዶ የሃዎ ሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ይሰማኛል። ስልኬ ላይ ደግሞ... "በመጻፍ ላይ"...

"ለምን?" አሉኝ።

ጻፍኩ። "ብቻዬን ልቀር ነው።"

"እኔስ?"

እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ማን ጻፈላቸው? ማዶ የግቢው በር ሲጥ አለ። ሃዎ ሻንጣዋን ወደ ባጃጁ እየጎተተች ነው።

ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። "የሷን ይመልሱላት። በምትኩ የኔን ድምፅ ይውሰዱ።"

በመጻፍ ላይ...

መጻፉን ተዉት።

በመጻፍ ላይ...

"ያንቺንማ መጀመሪያ ነው የወሰድኩት።"