የሐጅ ፈርሐት መንኮራኩር

«እዚህ የልጆች መጫወቻ መንኮራኩር ላይ ሦስት ልጆች ሞተዋል» አለ ዚያድ፣ ድምፁን አወፍሮ። «ሲመሽ ለቅሷቸው ይሰማል!»

በስልኩ ትቀርጸው የነበረችው ኒሃል ቀረጻውን አቆመች።

«ማነው የሞተው? አያቴ'ኮ ናቸው ሲያዞሩት የኖሩት። ማንም አልሞተም።»

«አቦ አታካብጂ! የፈረሰ መናፈሻ ያለ ሙት ማን ያየዋል? ዛሬ ቪዲዮውን ስንለቀው ራስ ኤል-ባር ከተማ በሙሉ ነው የሚያወራልን።»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበዳት። ደግሞስ መንኮራኩሩ ራሱ የት አለ? በኪሎ ለብረት ነጋዴ ተሸጦ የቀረው የሲሚንቶ መሠረቱ ነው። የእንጨት ፈረሶቹም የመስታወት ቤቱም ሄደዋል። በጋ ላይ ከካይሮ ይጎርፍ የነበረው እንግዳ እንኳ ዛሬ ወደ ሌላ ባሕር ዳርቻ ዞሯል።

«ኒሃል!»

አያቷ ሐጅ ፈርሐት በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። የዒድ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል፤ በእጃቸው በወረቀት የተጠቀለለ ግብጦ ይዘዋል። ጠዋት «ስለ መናፈሻው ቪዲዮ ልንሠራ ነው» ያለቻቸው ራሷ ናት። ያኔ የዚያድን ተንኮል አላወቀችም።

«እንኩ፣ ብሉ። ሻይ ቤት ያለው ሽማግሌ ሁሉ ማታ ቪዲዮውን ሊያይ ቀጥሯል። የልጅ ልጄ መናፈሻችንን ልታሳየን ነው ብያለሁ!»

«ሐጂ፣ እኛ እንኳን...» ዚያድ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ይቺን ታሪክ ማስገባት እንዳትረሳ ልጄ። ድሮ የዒድ ዕለት ሰዉ ልጁን ይዞ ይሰለፋል፣ እኔ ግን ማንንም አላሳፍርም። መጀመሪያ የራሴን ልጅ፣ የዚችን እናት፣ ብቻዋን አስቀምጬ አዞራለሁ። እሷ በሰላም ስትወርድ ነው በሩን የምከፍተው። ሚስቴ ከታች ቆማ ዓይኗን ትጨፍን ነበር፣ ምስኪን። በዚያ ሁሉ ዓመት የአንድ ልጅ ጥፍር እንኳ አልተነካብኝም።»

ኒሃል አንጀቷን በሏት። ሽማግሌዎቹ ማታ አንድ ስልክ ከበው፣ አያቷ መሐል ሆነው «ሦስት ልጆች ሞተዋል» የሚለውን ሲሰሙ ታያት።

«በናትሽ ቪዲዮውን እንዳታጠፊው» አላት ዚያድ በሹክሹክታ። «ከሱ ሌላ የምለቀው ምንም የለኝም። ጓደኛሞች አይደለንም እንዴ?»

«ነን» አለችውና ዓይኑ እያየ አጠፋችው።

ዚያድ አሸዋውን በእርግጫ መታ። ሄዶ የአጥሩ ግንብ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ኒሃል አልተከተለችውም።

«ምን ሆነ ልጁ?» አሏት አያቷ።

«ምንም፣ አያቴ። መንኮራኩሩን ሲያዞሩ የት ነበር የሚቆሙት?»

ሐጅ ፈርሐት ሲሚንቶውን ዞር ዞር ብለው አዩትና አንዱ ጥግ ላይ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ባዶውን አየር ጨበጡ።

«እዚህ ጋ። ነፋስ ካለ ቀስ ነው። ሕፃን ካለቀሰ ደግሞ ወዲያው ማቆም ነው።»

ስልኩን ወደ እሳቸው አነሳች።

«ወደ ግራ በይ» አለ ዚያድ ከኋላዋ፣ እንዳኮረፈ። «ባሕሩም ምስሉ ውስጥ ይግባልሽ።»

ወደ ግራ ተጠጋችና መቅረጽ ጀመረች።