ከሐይቁ ወለል የወጣው ቄጠማ

የቄስ ልጅ ነኝ፣ ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ግን እመኑኝ፣ በቀትር ጋኔን አምኜ አላውቅም፣ የቀትር ፀሐይ ራስ ታዞራለች እንጂ ሌላ ነገር የለም ባይ ነበርኩ።

ከብት ባለቀበት ዓመት ከጥንድ በሬዎቻችን አንዱ፣ ጉራች፣ ሞተ፣ መሬቱ ደርቆ አልቆፈር ቢል አባቴ ቃጭሉን እንኳ ከአንገቱ ሳይፈታ ድንጋይ አስሮ ከአንኮበር በታች ካለችው ሐይቅ ጣለው። የቀረን ቦራ ብቻ ነበር፣ እሱ እስከ ዝናብ ካልቆየ አናርስም፣ ካላረስን ደግሞ አንከርምም።

የአሊዩ አምባው ነጋዴ አያ ሙሄ፣ አንበጣ ቆላውን ጨርሶ ሽቅብ እየመጣ መሆኑን ነገረን። በማግስቱ ለቦራ መኖ እንዲተርፍ የሐይቁን ዳር ቄጠማ አጭጄ ውሃ ውስጥ ልደብቀው ተነሳሁ። የቤት ሰዎች ይበሰብስብሻል አሉኝ፣ እኔ ግን የት ድረስ እንደሚበሰብስ ማን አየ ብዬ እስሮቹን ለሦስት ከፈልኩና ከቋጥኙ ላይ በገመድ አወረድኩ፣ አንዱን እጅ ጉልበት በሚደርስ ውሃ፣ አንዱን ሁለት ሰው ቁመት፣ አንዱን እስከ ወለሉ።

አያ ሙሄ በዚያ ሲያልፍ አየኝና፣ "የቄሱ ልጅ፣ ለዓሣ ድግስ ነው እንዴ?" አለኝ። አፈርኩ፣ ገመዱን ግን አልለቀቅሁም።

አንበጣው መጥቶ ሄደ፣ ለምለም የሚባል አልተረፈም። በሳምንቱ በቀትር ሄጄ ሳብኩ። የላይኛው ጠቁሮ ጣቴ ላይ ሟሟ፣ የመሃሉ ቢጫ ሆኖ ያሟልጫል፣ የታችኛው ግን እጅ እስኪያደነዝዝ ቀዝቅዞ እንደለመለመ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሳገላብጠው የአንዱ እስር ግማሽ የለም። አልበሰበሰም፣ ቦራ እንደሚግጠው ተግጧል፣ ለሃጩ ገና ትኩስ ነው። ነፋስ አልነበረም፣ ከውሃው ሥር ቃጭል ሁለት ጊዜ አቃጨለ።

ተሸክሜው ሮጥኩ። አባቴ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "አትስጪው፣ የሌላ ነው" አለኝ።

"አባባ፣ ቦራ ዛሬ ካልበላ ነገ አይነሳም።"

ሰጠሁት። አሸተተው፣ ወደ ሐይቁ ዞሮ አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ በላ።

ዝናቡ ሲመጣ ቦራን ከአህያ ጋር ጠምደን አረስን፣ ከረምን። እኔም ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ፣ ለማን እንደሆነ ሳልናገር፣ አንድ እስር ወደ ወለሉ አወርዳለሁ። የገመዱን ልክ እጄ ያውቀዋል፣ ግን እስሩ ወለሉ ሳይደርስ አንዳች ነገር እንደተቀበለው ሁሉ ገመዱ ይቀለኛል። ዓምና የሚቀለኝ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር፣ ዘንድሮ ከውሃው ገጽ ሁለት ሰው ቁመት ብቻ ዝቅ ብሎ ነው።