ቁልፉ ግማሽ ሲዞር

መሪማ ቁልፉን ግማሽ አዞረችና ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። የመኪናዋ ቴፕ አረንጓዴ መብራት በራ። የትንሿን ሙዚቃ ማጫወቻ ገመድ ቴፑ ላይ ካለው ቀዳዳ ሰካችና ድምፁን ዝቅ አደረገች፤ ከጎኗ ለተቀመጠ ሰው ብቻ እንዲሰማ። ከጎኗ ግን ማንም አልተቀመጠም።

መኪናዋ የአጎቷ የአብዱልጀሊል ታክሲ ናት። ጦርነቱ መርሳ ከተማ ሲደርስ ታጣቂዎች እንዳይወስዷት ብለው ከዋናው መንገድ ራቅ ወዳለው ወደ መሪማ እናት ግቢ አስገቧት፤ ከላይዋም የአምናውን የማሽላ አገዳ ከመሩባት። ቁልፉን ለእናትየው በአደራ ሰጡ። አገዳው ስር በቀትርም ጨለማ ነው።

መብራት፣ ስልክና ትምህርት ቤት ከጠፉ ሦስተኛ ወር ሆኗል። የክፍል ጓደኛዋ ኤደን ከቤተሰቧ ጋር ወደ ደሴ ስትሸሽ ይህችን ማጫወቻ መሪማ እጅ ላይ ትታ ሄደች። ኢርፎኑ ሲበጠስ መሪማ ወደ ታክሲዋ መጣች። በየዘፈኑ መካከል ኤደን በገዛ ድምፅዋ የቀዳችው ወሬ አለ።

«መሪም፣ ይኼን እንዳታሳልፊው። አውቅሻለሁ፣ መሐሉ ሳይደርስ ትቀይሪያለሽ። አንቺ ትዕግሥትሽን ለሂሳብ ቲቸር ጨርሰሽ ነው የምትመጪው።»

«ለእሱም የለኝም» አለች መሪማ ለቴፑ። ከኤደን ወዲያ ከእናቷ በቀር እንዲህ የምታወራው ሰው አልነበራትም፤ ከግቢ መውጣትም ትታለች።

ሞተሩ ካልተነሳ ባትሪው የማይነካ ይመስላት ነበር። ስለዚህ እናቷ ጎረቤታቸውን ገነትን ልትጠይቅ በወጣች ቁጥር አገዳውን ገለጥ አድርጋ ትገባለች። ዛሬ ግን ኤደን ገና እየሳቀች ሳለ አረንጓዴው መብራት ደበዘዘ፤ ጠፋም። ማጫወቻዋ በራሷ ባትሪ ድንጋይ ደቂቃ መቁጠሯን ቀጥላለች፤ ድምፅ ግን የለም። መሪማ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረችው። መኪናዋ አንዴ ጠቅ አለችና ዝም አለች።

አጎቷ በመኪናዋ የቀረውን ጥቂት ነዳጅ ሳይነኩ ያስቀመጡት ለነፍሰ ጡሯ ገነት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሊገድላት ደርሶ ነበር፤ አሁን በአቅራቢያ የቀረችው አንዲት አዋላጅ ግራና ከተማ ናት፤ ያን መንገድ ደግሞ ገነት በእግሯ አትችለውም።

ቁልፉን ቦታው እንደመለሰች እናቷ ገባች። «ገነት ነገ ጠዋት ግራና ልትሄድ ነው፤ ቀኗ ደርሷል። መኪናዋ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።»

መሪማን ያየ ሰው የለም። ነገ መኪናዋ እምቢ ብትል የቆመ መኪና ነው፣ ይበላሻል ይባላል። ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

አጎቷ በራፋቸው ላይ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሓቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። በቴፑ ዘፈን ስሰማ ባትሪውን ጨረስኩት።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ስንት ቀን ሰማሽ?»

«ሦስት ሳምንት። ሞተሩ ካልተነሳ የማይበላ መስሎኝ።»

ሙሰበሓው ቆመ። «እኔ አይጥ ገብታ ገመድ እንዳትቆርጥብኝ ነበር የምሰጋው» አሉ። «ዘፈን የምትወድ አይጥ እንዳለች ማን ይንገረኝ።»

መሪማ ልትስቅ አልደፈረችም። «አትነሳም ማለት ነው?»

«ቁልቁል ከተገፋች ትነሳ ይሆናል። ግን ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሽማግሌ ነው። አንቺው በየቤቱ ዙሪና ጥሪ። ምን ሆነች ካሉሽ ባትሪዋ አርጅቷል በይ። ውሸትም አይደል፣ አሮጌ ነው።»

የመጀመሪያው በር የእትዬ የሻረግ ነበር። አንኳኩታ ስትጠብቅ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«መሪማ ናት እንዴ?» አሉ በሩን ከፍተው። «ኧረ በማርያም፣ ጥላሽን እንኳ ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ሸሽተሽ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«እዚሁ ነኝ፣ እትዬ። ነገ ጠዋት የጋሼ አብዱን መኪና እንዲገፉልን ልለምንዎ ነው። ገነትን ግራና እንድታደርስ።»

«እገፋለሁ፤ ወገቤም ባይፈቅድ እገፋለሁ። መኪናዋ ግን ደህና አልነበረችም? ምን ነካት?»

አጎቷ ያቀበሏት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አጭርና ቀላል። ተናግራው ወደ ሚቀጥለው በር፣ ከዚያም ወደ ቤቷ መመለስ ትችላለች። እትዬ የሻረግ በሩን ይዘው ይጠብቃሉ።

መሪማ ሻሿን አስተካከለች።

«ልግባና ልንገርዎ» አለች። «ትንሽ ይረዝማል።»