አበልጄ የሰጠችው አበባ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ አማትቤ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ ጸሎት የሚደረግበት ቤት ምን ሊነካው ብዬ፤ አሁንም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፣ ግን ያየሁትን አላየሁም ልል አልችልም።

አቃቂ በሰቃ ከቤቴ ጓሮ፣ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቆፈራት ኩሬ አለች፣ ጎመኔን የማጠጣው ከእሷ ነው፣ ልጄን ማርታን የማሳድገውም በዚያ ጎመን ነው። የማርታ ክርስትና እናት አስካለም ከወንዙ ማዶ ኩሬ አላት። ክረምቱ ሊገባ ሲል በሳፋ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሐምራዊ አበባ ይዛ መጣች።

«ለእኔ ነው?» አልኳት።

«ለክርስትና ልጄ ነው እንጂ! እጅሽን ዘርጊ የኔ ቆንጆ» ብላ ማርታን አስያዘቻት።

ማርታ ደስ ብሏት ኩሬው ውስጥ አስቀመጠችው። እምቦጭ የሚሉት፣ ለጌጥ ተብሎ ከሰው አገር የመጣ አረም መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። መስከረም ሳይጠባ ውሃው በቅጠል ተሸፈነ፣ ነቅለን አጥሩ ስር ብንከምረው፣ እመኑኝ፣ በማግስቱ ኩሬው እንደገና ሙሉ ነው።

አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ጸሎት ላይ ቆሜ ሳለሁ የእንቁራሪቶቹ ጩኸት ባንዴ ጸጥ አለ። በሩን ስከፍት ትልቁም ትንሹም ተከታትለው ኩሬዋን ለቀው ወደ መንገዱ ይሄዳሉ፣ አንዱም አይመለስም፣ ከቅጠሉ ስር ደግሞ የተጠማ ሰው ውሃ ሲጨልጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይመጣል።

«እማ፣ ማነው የሚጠጣው?» አለች ማርታ ከኋላዬ።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፣ ድምፁ ግን አልቆመም።

ሲነጋ ማርታን ይዤ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ኩሬዋ ጥርት ብላለች፣ ወፎች ወርደው ይጠጣሉ።

«አንቺም ጋ ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«እንዴት ለቀቀሽ?»

ዓይኔን ማየት አቃታት። «ለምትወጂው ሰው በእጅሽ ካልሰጠሽው አይለቅም አሉኝ። ምን ላድርግ አበልጄ፣ ውሃዬ አለቀ።»

«እና ከሰው ሁሉ ልጄን?»

«ከእሷ በላይ የምወደው የለኛ!»

ብትዋሽኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ከእኔ ኩሬ የቀረው አንድ ሁለት ባልዲ ነው፣ ጎመኑም ጠውልጓል፣ ልጄ ግን ጤና ናት፣ ተመስገን። ትናንት ከጓሮ ስትመለስ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ፊቴ ቆመች፣ ከቀሚሷ ውሃ ይንጠባጠባል።

«እማ፣ ከሰው ሁሉ ማንን እንደምወድ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እጅሽን ዘርጊ።»

እስካሁን አልዘረጋሁም።