ነጩ እሾህ ከደጅ

«ይሄስ ምንድነው?» አለች ሶርቻ፣ የቆረጠችውን ቅርንጫፍ እያሳየች። «አያቴ ለማርያም መሠዊያዋ ነጭ አበባ አምጪ ብላኛለች።»

ኑዋላ ዳግመኛ ማየት አላስፈለጋትም። ነጭ እሾህ ነው። ቅጠሉ እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ አበባው ደቃቅና በዘለላ የታጨቀ፣ ከቅጠሉ ሥር ሹል እሾህ ያለው። ሽታው መጀመሪያ ያውድና ወዲያው የሞተ አይጥ ያስታውሳል። የመንደሩ ሰው በአጥር ላይ ያደንቀዋል እንጂ ቤት አያስገባውም፤ ካስገባው ከቤቱ ሰው ይሞታል ይባላል። ሶርቻ ግን ከደብሊን ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

ባለፈው ሳምንት የኑዋላን የተክል ሥዕሎች የራሷ አድርጋ ለመምህሩ የሰጠች፣ «እሷ ናት ከእኔ የቀዳችው» ብላ የዋሸች እሷው ናት። ከሥዕሎቹ አንዱ ይኸው ነጭ እሾህ ነበር። ራሷ ሥላው ቢሆን ኖሮ አሁን ባልጠየቀች። ብድር በምድር አለች ኑዋላ በልቧ።

«የዱር ፖም ነው» አለቻት። «ውሰጂላት።»

ጉዷን ልታይ እስከ አያቷ ቤት ተከተለቻት። በተከፈተው በር የማርያም ሐውልት ይታያል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ኑዋላ ግን ልትጸልይ አልመጣችም።

የሶርቻ አያት እትዬ ብሪጂ ውኃ የሞላ ማሰሮ ይዘው ብቅ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸውም እንዲሁ።

«ምን አመጣችሁልኝ?»

«የዱር ፖም፣ አያቴ። ኑዋላ ነች የነገረችኝ።»

«እንግዲያ ይግባ። ኑዋላ ካለች ምን ጥያቄ አለው።»

ሶርቻ እግሯን አነሳች። ኑዋላ ቅርንጫፉን ከእጇ መነጨቀችው፤ እሾሁ መዳፏን ወጋት።

«አይግባ፣ እትዬ። ነጭ እሾህ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ አማተቡ። ወደ ልጅ ልጃቸውም ዞሩ። «ሶርቻ፣ ነጭ እሾህን ሣልኩት ብለሽ አሳይተሽኝ አልነበር? ታዲያ እንዴት አላወቅሽውም?»

ሶርቻ ፊቷ ቀላ። ኑዋላን በልመና ዓይን አየቻት።

ኑዋላ ቅርንጫፉን አጥሩ ላይ ጣለችው። ከዚያ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች። «የእኔን ውሸት ተናግሬያለሁ» አለች፣ መዳፏን በቀሚሷ እየጠረገች። ሶርቻ ስለ ሥዕሎቹ አፏን እስክትከፍት ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።