የእህትማማቾቹ ፍሬን

ጥር ሁለት ቀን ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ አምስተኛው ዓመት ተጋምሶ ሳለ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ መርካቶ ምናለሽ ተራ እንደ ወትሮው በመዶሻ ይንጫጫ ነበር፤ በርሜሉ ባልዲ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ የጥይቱ ሣጥን ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ በዚያ ተራ ሞቶ የሚቀር ዕቃ የለም።

ሐጀራም እዚያው ቆዳና ጎማ ትቆርጣለች። ባሏ ሙናዊር ካረፈ ዓመት አልሞላውም፤ የባሏ ወንድም ነስረዲን ሟቹ የተወላትን መደብ «የወንድ ሥራ ነው» ብሎ ቢጠይቅባት፣ የተራው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ረመዳን እስኪገባ ትሥራ፤ እስከዚያ አንድ ሥራ ተበላሽቶ ከተመለሰባት ግን መደቡ የነስረዲን ይሁን ብለው ፈረዱ። ረመዳን ሊገባ ዐሥር ቀን ያህል ቀርቶታል፤ እስካሁንም የተመለሰባት የለም።

የዚያን ዕለት ግን የምድር ባቡሩ መካኒክ ቶላ፣ ባለፈው ሰኞ የቆረጠችለትን ክብ ቆዳ ይዞ መጣ።

ቶላ የሚጠግናቸው የናፍጣ ባቡሮች በጃንሆይ ዘመን ከፈረንሳይ ተጭነው ጅቡቲ የወረዱ ናቸው፤ ካንድ ፋብሪካ ባንድ ልክ ስለ ወጡ ሠራተኛው «እህትማማቾቹ» ይላቸዋል። የእንፋሎቱን ባቡር ተክተው፣ ቡና ይዘው ወደ ባሕር ሲወርዱ፣ ጨውና አቡጀዲ ቆርቆሮና ስሚንቶ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ አርባ ዓመት ሊደፍኑ ነው፤ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ እነሱ ግን መጎተታቸውን አልተዉም። አሁን ጭነቱን ከባድ መኪና እየተሻማቸው፣ መለዋወጫቸውም በተሠሩበት አገር መመረቱ ቀርቶ፣ አንዷ ስትደክም ያንዷን አካል እየተዋሱ ያዘግማሉ። ከነሱ አንዷ አየሩን የሚይዘው የፍሬኗ ቆዳ ተበልቶ ለገሃር ቆማለች፤ እሷ ካልወረደች መርካቶ የሚጠብቀው የረመዳን ቴምር ወደቡ ላይ መቅረቱ ነው።

ቶላ አንገቱን ደፍቶ፣ ቆዳው ላልቶ ፍሬኑ እንደሚተነፍስ ነገራት። ነስረዲን ከጎኗ መደብ መዶሻውን አቆመ።

«ሽማግሌዎቹን እኔ ልጥራ ወይስ ራስሽ ትጠሪያቸዋለሽ?»

«አንተ መጀመሪያ ውኃ የሚይዝ ባልዲ ሥራ።»

ሐጀራ ሰኞ ቶላ ለልክ የሰጣትን ናሙናና የቆረጠችውን ቆዳ አነባበረች፤ የፀጉር ያህል እንኳ አይበላለጡም። ናሙናውን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው።

«ከእህቷ ነው፣ እትዬ። የሷማ ተበጣጥሶ ምን ይለካል?»

«እንግዲያ የእህቷን እግር ለክተህ ነው ለሷ ጫማ ያሰፋኸው?»

«ካንድ ፋብሪካ ናቸው እኮ።»

«እኔና እህቴም ካንድ ማሕፀን ነን፤ እሷ ሠላሳ ስድስት፣ እኔ አርባ ነው የምጫማው።»

ይህን ብላ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ተከተለችው። የለገሃሩ ጥገና ኃላፊ አቶ ሙሉብርሃን ግን ክራቫታቸውን እያስተካከሉ፣ የውጭ ሰው እንደማይገባ፣ የሴት ሥራም እንደሌለ ነግረው ለምሳ ሄዱ፤ ሲመለሱም የቀትሩን ዙህር እዚያው ሰግዳ በሩ ሥር ተቀምጣ አገኟት።

«እመቤቴ፣ እዚህ የሴት ሥራ የለም አልኩዎት።»

«ሥራ አልለመንኩም ጌታዬ፤ ልክ ልወስድ ነው። ፍሬን የሌላትን ባቡር ቁልቁል የሚነዷት እርስዎ ከሆኑ ግን እሄዳለሁ።»

አቶ ሙሉብርሃን ሳይወዱ ሳቁና አስገቧት። ሐጀራ እጇን እስከ ክርኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ከትታ በጣቶቿ ዞረችው፤ በአርባ ዓመት ጥገና ውስጡ ሲሞረድ ሲሞረድ፣ ከናሙናው በጥፍር ስፋት በልጧል። በሲባጎ ለክታ ቋጠረች፤ ወፍራም የበሬ ቆዳ በሞራ አርሳ አሳድራ፣ በማግሥቱ ቆረጠች። ቅዳሜ ቶላ አየሩን ሲሞላው የመለኪያዋ ቀስት ንቅንቅ አላለችም፤ ባቡሯም እሑድ ማለዳ ቁልቁል ወረደች።

ነስረዲን ግን ሥራው ተመልሷል ብሎ ሸንጎ አስቀመጠ። ሀጂ ሰላሁዲን፣ የተራው አንጋፋ፣ ሁለቱንም ወገን ሰምተው፣ «እሷ የተሰጣትን ልክ አልሳተችም፤ የተሳሳተው ልኩ ነው፤ ያንንም ያወቀችው እሷ ናት። መደቡ የሐጀራ ነው» አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሊያፈጥሩ ሲሉ፣ ነስረዲን በወረቀት የተጠቀለለ ቴምር መደቧ ላይ አኖረና «የባቡርሽ ነው» አላት፤ ፊቱን ግን ወደ ባልዲዎቹ አዙሮ ነበር። እሷም «አላህ ይጨምርልህ» ብላ ተቀበለችው።

ከዚያ ወዲህ ቶላ ናሙና ይዞ አልመጣም፤ ራሷን ይጠራታል። እህትማማቾቹም ዐሥር ዓመት ከዚያም በላይ ጎተቱ፤ ኋላ ባንድ ባንድ ቆሙ፤ ሐዲዱንም ሣር ዋጠው። የባቡሮቹን ታሪክ የጻፈው ሰው የመጡበትን ዘመን፣ የተሠሩበትን አገርና የጉልበታቸውን መጠን ጽፏል፤ ሁሉንም ባንድ ስም፣ ባንድ መስመር፣ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ አልፏቸዋል። የየአንዳንዷን ልክ ለይታ የምታውቅ ሴት ምናለሽ ተራ እንዳለች አልሰማም፤ እሷም አልነገረችውም፤ መደቧ ላይ ሆና የሰው ጫማ ስትቆርጥ ነበር።