ጥሩምባ ነፊው ሽማግሌ የላከ ዕለት

ዲንቄ በዳዳን መጀመሪያ ያየችው እንጦጦ፣ ጠበሉ ደጅ ነው። አክስቷን አጅባ ወጥታ ነበር። እሱን ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ደግፈውታል፤ ጋቢ ተከናንቦ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። አሳዘናትና ውሃ በጣሳ ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ግን ከአፉ ሳይደርስ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«አያያዝ አታውቅም እንዴ?» አለችው ሳታስበው።

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ላይ ያለው እፍረት አንጀቷን በላው።

«አውቅ ነበር፤» አላት። «ረሳሁት...»

በዳዳ የሆስፒታል ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበር። ለበሽተኛ የሚሰጠውን የሞርፊን መርፌ አንድ ቀን ራሱን ወጋበት፤ ከዚያ ወዲያ መርፌው ጌታ ሆነበት። መድኃኒቱን ሲሰርቅ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ወህኒ ወረደ። እዚያ ሕመሙ ሲጠናበት ዳኛው «ዋስ ካገኘ ወጥቶ ይታከም፤ ካገረሸበት ቅጣቱን ይጨርሳል» አሉ። ዘመድ የለውም፤ ዋስ የሆነው የሾላ ሰፈር እድር ነው። የእድሩ ዳኛ ደግሞ የዲንቄ አባት አቶ ቱሉ ናቸው። አባላቱ ሲያጉረመርሙ፣

«እድር የሞተውን ብቻ ነው እንዴ የሚያነሳው?» ብለው ነበር። «በቁሙ የሞተውንስ ማን ያንሳ?»

በየተራ እየጠበቁ ሐኪም ዘንድም ጠበልም አመላለሱት። ሲሻለው ሥራ ሰጡት፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሆነ። ሰው ሲሞት በማለዳ ሰፈሩን እየዞረ የሟቹን ስም የሚጠራው እሱ ነው። ዲንቄም ያን ጥሩምባ በሰማች ቁጥር፣ ገና ለሟቹ ሳታዝን ልቧ ይፈነጥዝ ጀመር... እግዜር ይቅር ይበላት!

አንድ ቀን ከአጥራቸው ጥግ አገኘችው።

«ሽማግሌ ላክ፤» አለችው።

«አባትሽ ዋሴ ናቸው። ልጃቸውን ብጠይቅ ያጎረሰኝን እጅ ነከሰ አይሉም?»

«አንተ ካልላክህ ሌላው ይልካል።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳው፤ ሽማግሌም አስላከው። ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘመድ ስለሌለው የላካቸው የእድሩን ሰዎች ነው። እነዚህን ሰዎች ደግሞ ሰፈሩ የሚያውቃቸው መርዶ ሲያረዱ ነው! አቶ ቱሉ ወደ ገበያ ሳይወጡ እናግኛቸው ብለው ጎህ ሲቀድ ሦስት ሆነው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጅ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ አንገባም፣ ተቀመጡ ቢባሉ አንቀመጥም አሉ፤ የሽማግሌ ወጉ ነዋ። የቤቱ የበኩር ልጅ ኢቲቻ ግን ወታደር ነው፤ ኦጋዴን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። የሰፈሩ መርዶ ሁሉ አስቀድሞ ለአቶ ቱሉ ነው የሚነገረው። እሳቸውን ሳያማክሩ ከመጡ መርዶው የማን ሊሆን ነው?

እናትየው ወይዘሮ ሙሉነሽ ብቅ ብለው አዩአቸው።

«ልጄን! ኢቲቻዬን!»

መሬት ላይ ወደቁ። ዲንቄም ጮኸች። ጎረቤቱ ተግተለተለ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ... ኧረ እኛ...» ቢሉ ማን ይስማቸው!

በዳዳ መልሱን እየጠበቀ ከወዲያኛው ዳገት ላይ ቆሞ ነበር። «ኢቲቻዬን!» የሚለውን ዋይታ ሲሰማ ሽማግሌ መላኩንም ረሳ። የዲንቄ ወንድም ሞተ፣ አለ በልቡ። እያለቀሰ ጥሩምባውን አነሳ።

«የአቶ ቱሉ ልጅ... ኢቲቻ ቱሉ...!»

የሾላ ገበያ ሰው ሳይቀር ደረቱን እየደቃ መጣ። በዳዳም ከኋላቸው ግቢው ደረሰ። ያኔ ነው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት።

«ሰዎች! እኛ ለመርዶ አልመጣንም! ዲንቄን ለበዳዳ ልንጠይቅ ነው የመጣነው!»

የአቶ ቱሉ ፊት ጠቆረ።

«በሕይወት ያለ ልጄን ቀበረብኝ! ይኼ ጤነኛ ሰው የሚሠራው ነው? መርፌው አገርሽቶበታል!»

«አባባ ቱሉ፣ በማርያም...» አለ በዳዳ።

«ደግሞ ልጄን ሊያገባ! ከዋስትናው ወርጃለሁ! ወደ ወህኒው ይመለስ!»

«አገርሽቶበታል... አገርሽቶበታል...» ሹክሹክታው ዞረ። ሁለት ሰዎች የበዳዳን ክንድ ያዙ። ዲንቄ ብትናገር አባቷን በአደባባይ ልታዋርድ ነው፤ ዝም ብትል ሰውዋ ሄደ። እውነት አገርሽቶበት ቢሆንስ?

ጓዳ ገባችና ጣሳውን እስከ አፉ ውሃ ሞልታ ወጣች።

«ልቀቁት!» አለች። «በዳዳ፣ እናቴ ውሃ ጠምቷታል። ውሰድላት።»

ጣሳውን ተቀበለ። እናትየው ከግቢው ዳር ናቸው፤ መሀሉ ሰውና ድንጋይ ነው። ሁሉም እጁን ያያል፤ ዲንቄም እጁን ታያለች... አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም! በርከክ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ጠጡ። እጁን አዩና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተ ቱሉ! በቁሙ የሞተውን እናንሳ ብለህ ሰፈሩን የለመንከው አንተ አይደለህም? ይኸው ተነሳልህ!»

«ሙሉነሽ... ዋስ መሆን ሌላ፣ ልጅ መስጠት ሌላ...»

«አባባ፣» አለች ዲንቄ እያለቀሰች፣ «ሰውን ሁሉ እመኑት ብለው፣ ለእርስዎ ልጅ ሲሆን ነው የማይታመነው?»

አቶ ቱሉ በዳዳን ትክ ብለው አዩት።

«ጥሩምባውን ለምን ነፋህ?»

«ወንድሜ የሞተ መስሎኝ ነው።»

አቶ ቱሉ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያም ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞረው፣

«ሽማግሌዎች፣ በሉ ተቀመጡ፤» አሉ።

ተቀመጡ።

ለሠርጉ ኢቲቻ ፈቃድ አግኝቶ ደረሰ፤ ያለቀሱለት ሁሉ ተሰልፈው ሳሙት። አቶ ቱሉ ያን ዕለት ጥሩምባውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት ዋሉ። ማታ ላይ ሙሽራዋ ጠላ የሞላ ዋንጫ ለባሏ ዘረጋችለት።

«አያያዝ ታውቃለህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«አስታወስሽኝ፤» አላት።